ማስረጃው ፊት የቆመ ተማሪ

በስድስት ኪሎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ደጃፍ፣ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከላይ ግን በር የለው፣ ሰገነት የለው፣ ባዶ አየር ላይ ያበቃል። ከመጨረሻው እርከን ላይ አንድ ትንሽ የአንበሳ ሐውልት ተቀምጧል።

ዩኒፎርም የለበሱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ደረጃውን ከበው ቆመዋል። የታሪክ መምህራቸው ቶሎ ወደ ውስጥ አላስገቧቸውም። “መጀመሪያ እርከኖቹን ቁጠሩልኝ” አሏቸው። ተማሪዎቹ በጣታቸው እየጠቆሙ ቆጠሩ። የአንዱ ቁጥር ከሌላው አልገጥም ሲል ከታች ጀመሩና ደገሙት። ሲስማሙ መምህሩ ሁለተኛውን ጥያቄ አመጡ፦ “ለምን ይህን ያህል ሆነ?”

መልስ የሰጠ አልነበረም። መምህሩ ነገሩን አብራሩት። ደረጃውን የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው። እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ በ1915 ዓ.ም. ሮም ላይ ሥልጣን ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ ያለውን አንድ አንድ ዓመት ይወክላል። አዲስ አበባን በያዙ ጊዜ የፋሺዝምን ዕድሜ በንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት ደጃፍ በድንጋይ ቆጠሩ። አንበሳው ከላይ የተቀመጠው ከተባረሩ በኋላ ነው።

“ቲቸር፣ ታዲያ ለምን አልፈረሰም?” አለች አንዲት ተማሪ።

“አንቺ ብትሆኚ ታፈርሺው ነበር?”

ክርክሩ እዚያው ጀመረ። አንዱ “የጠላት ኩራት ምን ይሠራልናል፣ ይፍረስ” አለ። ሌላዋ “አንበሳው እኮ መልሱን ሰጥቶታል” ብላ ተቃወመችው። ከኋላ የቆመ ልጅ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ፈርሶ ቢሆን እኛ ዛሬ ምን እንቆጥር ነበር?” ሲል ጠየቀ። መምህሩ የማንንም ሐሳብ አላጸደቁም። “ይህን ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ” ብለው በሩን አሳዩአቸው።

ይህ ዓይነቱ ክርክር በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ካለ አንቀጽ ብዙ ጊዜ አይነሳም። አንቀጹ ያለቀለት ነገር ነው፤ ጸሐፊው አስቦ፣ መዝኖ፣ ወስኖ ያስቀመጠው። ተማሪው ይሸመድደዋል፣ ለፈተና ይመልሰዋል፣ ከዚያ ይረሳዋል። ዕቃው ግን ገና አልተፈታም። ማን ሠራው? ለምን ሠራው? ማን ለወጠው? ለምን አቆዩት? የነፃነት ተጋድሎ ታሪክ ለልጆቻችን እንዲደርስ ከፈለግን ሙዚየሞቻችን ሊሰጧቸው የሚገባው ትልቁ ነገር ማስረጃ ፊት ቆሞ የመጠየቅ ዕድል ነው።

ግቢው ራሱ የሚናገረው

ብዙ የአፍሪካ አገሮች ነፃነታቸውን የሚያከብሩት የቅኝ ገዢው ባንዲራ ወርዶ የራሳቸው የተሰቀለበትን ቀን ነው። የኛ ታሪክ መልኩ ለየት ይላል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ወራሪን መልሰናል፤ ከ40 ዓመት በኋላ ያው ወራሪ በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ ተመልሶ መጣ፤ ከዚያም የአምስት ዓመት የአርበኝነት ተጋድሎ ተካሄደ። የመጀመሪያውን ለተማሪ ማስረዳት ይቀላል፤ አንድ ቀን፣ አንድ የጦር ሜዳ፣ አንድ ድል ነውና። ሁለተኛው ይከብዳል። በየጫካው፣ በየዋሻው፣ በየእስር ቤቱ፣ በየጓዳው ተበትኖ የተካሄደ ትግል ስለሆነ ተማሪው የሚይዘው ጫፍ ያጣል። የሙዚየም ዋጋ በይበልጥ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ተማሪዎቹ የገቡበት ሕንፃ ቀድሞ ገነተ ልዑል ይባል የነበረው ቤተ መንግሥት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኋላ ለዩኒቨርሲቲው ሰጡት፤ ዛሬ ፎቁ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍል ለጎብኚ ክፍት ነው። በወረራው ዘመን ግን ግቢው የጣሊያን እንደራሴ የማርሻል ግራዚያኒ ነበር።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ የኔፕልስ ልዑል መወለዱን ምክንያት አድርጎ ለአዲስ አበባ ድሆች ምጽዋት እንዲታደል አዘዘ። ሕዝቡ በዚህ ግቢ ተሰበሰበ። ከኤርትራ የመጡ ሁለት ወጣቶች፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስግዶም፣ በእንደራሴውና በተከታዮቹ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ግራዚያኒ ክፉኛ ቆሰለ። የሁለቱ ተባባሪ የነበረው የታክሲ ሹፌር ስምዖን አደፍርስ ተይዞ በስቃይ ሞተ። በከተማው ላይ የወረደው በቀል ሦስት ቀን ዘለቀ። ጥቁር ሸሚዝ የለበሱ ፋሺስቶችና ወታደሮች ሰውን ከነቤቱ አቃጠሉ፣ በመንገድ ላይ ያገኙትን ገደሉ።

መምህሩ ይህን የነገሯቸው ግቢው መሐል አቁመው ነው። “ሕዝቡ የቆመው እዚህ ነው፤ ባለሥልጣናቱ እዚያ ከቤተ መንግሥቱ መግቢያ ደረጃ ላይ ነበሩ፤ መውጫው ያ በር ነው” እያሉ በእጃቸው አሳዩ። አንድ ተማሪ ወደ በሩ ዞር ብሎ ርቀቱን በዓይኑ ሲለካ ፊቱ ተለወጠ። ካርታ ላይ “አዲስ አበባ” ተብሎ የተጻፈው ቦታ በድንገት መሸሻ የሌለው ግቢ ሆነበት።

ከግቢው በር ወጣ ሲሉ አደባባዩ መሐል የሰማዕታት ሐውልት ይታያል። ዩጎዝላቪያውያኑ ቀራጺዎች አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የሠሩት ነው። ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ በየቀኑ በአጠገቡ ያልፋል፤ ጠጋ ብሎ በጎኖቹ ላይ ያሉትን የነሐስ ቅርጾች የሚያይ ጥቂት ነው። ቅርጾቹ ላይ ተኳሹ አለ፣ የወደቀው አለ፣ አልቃሹ አለ። መምህሩ ተማሪዎቹን በአራት ቡድን ከፍለው አንድ ነገር ብቻ አዘዟቸው፦ በቅርጹ ላይ ከምታዩዋቸው ሰዎች አንዱን ምረጡ፣ እጁ ምን እያደረገ እንደሆነ ጻፉ። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ሲስቁና ሲገፋፉ የነበሩት ልጆች ዝም ብለው ይጽፉ ጀመር። እናቱን የሙጥኝ ያለ እጅ፣ ፊት የሸፈነ እጅ፣ ጠብመንጃ የያዘ እጅ። በየካቲት በዓል ንግግር ላይ ሁሌ የሚሰሙት “አጥንታቸውን ከስክሰው፣ ደማቸውን አፍስሰው” የሚለው አባባል እዚያች ሰዓት ላይ ሰው ሆኖ ታያቸው።

ስንት ሰው ሞተ? ማንስ ቆጠረው?

ጥሩ ሙዚየም ስሜትን ቀስቅሶ ብቻ አይሰናበትም። ከስሜቱ ቀጥሎ የሚመጣው “እንዴት አወቅን?” የሚለው ጥያቄ ነው። የካቲት 12 ለዚህ ዓይነት ትምህርት እጅግ የሚያመች ርዕስ ነው።

የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ በአዲስ አበባ ጭፍጨፋ የተገደሉት 30,000 ናቸው አለ። በጊዜው ከጣሊያን ወገን የወጡ ሪፖርቶች ከዚህ እጅግ ያነሰ ቁጥር ይዘዋል። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ኢያን ካምቤል በሕይወት የተረፉ ምስክሮችን፣ ፎቶግራፎችንና ሰነዶችን ለዓመታት አጥንተው በከተማዋ የተገደሉት 19,000 ያህል እንደሚሆኑ ገምተዋል። ጣሊያኖች በደብረ ሊባኖስ ገዳም በግንቦት 1929 ዓ.ም. ስለፈጸሙት ግድያም ልዩነቱ እንዲሁ ነው። ግራዚያኒ ወደ ሮም የላካቸው ቴሌግራሞች ድምር 449 ይላል፤ የካምቤል ጥናት ወደ 2,000 ይጠጋል።

አንድ የ16 ዓመት ተማሪ እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲያይ መጀመሪያ ግራ ይጋባል። ከዚያ መጠየቅ ይጀምራል። ገዳዩ ቁጥር ለማሳነስ ምን ምክንያት አለው? ለማጋነንስ የሚገፋፋው ሰው ይኖር ይሆን? ሬሳው ከተቃጠለ በምን ይቆጠራል? የምስክር ትዝታ ከ50 ዓመት በኋላ ምን ያህል ይታመናል? እነዚህ የታሪክ ባለሙያ ጥያቄዎች ናቸው። ተማሪው ከመለሳቸው በኋላ ጭፍጨፋውን “አልነበረም” ብሎ የሚክድ ሰው ቢያጋጥመው በቁጣ ብቻ አይመልስለትም፤ በማስረጃ ይሞግተዋል።

ይህ ችሎታ ለነገ የሚቀመጥ አይደለም። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. በጣሊያኗ አፊሌ ከተማ በሕዝብ ገንዘብ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ተሠርቶ ተመረቀ። በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሰልፍ ወጥተው ተቃወሙ። ያኔ ሮም ውስጥ ወይም ዋሽንግተን ላይ ፊቱን ለካሜራ የሰጠ ወጣት ሁሉ መልስ የሚሆነውን ማስረጃ ከየት እንደሚያመጣ ማወቅ ነበረበት። መታሰቢያ እውነትን እንደሚጠብቅ ሁሉ ሐሰትንም ሊያነግሥ ይችላል። ልዩነቱን የሚያውቀው ሐውልትን መመርመር የተማረ ሰው ነው።

ፒያሳ፣ ዓድዋና የስንቅ ሒሳብ

በየካቲት 2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ በዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ አጠገብ የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ከስድስት ኪሎው ሙዚየም የተለየ ባሕርይ አለው። ስድስት ኪሎ ታሪኩ የተፈጸመበት ቦታ ነው። ፒያሳ ግን ዓድዋ አይደለችም፤ ድሉ የተገኘው ከዚያ በጣም ርቆ በትግራይ ተራሮች መካከል ነው። ስለዚህ መታሰቢያው ያንን ሩቅ ቦታና ሩቅ ዘመን በሐውልት፣ በሥዕል፣ በጦር መሣሪያና በቅርስ ወደ ከተማው መሐል ማምጣት ነበረበት። በሮቹ ከምሥራቅ፣ ከምዕራብ፣ ከሰሜንና ከደቡብ በዘመቱ ጀግኖች ስም መጠራታቸውም ዋናውን ሐሳብ ገና ከመግቢያው ያስይዛል፦ ዓድዋ የአንድ አካባቢ ድል አልነበረም።

እንዲህ ባለ ሰፊ ቦታ የተማሪ ቡድን በቀላሉ ይበተናል፤ ፎቶ አንስቶ ይወጣል። ልምድ ያላቸው መምህራን ለዚህ መላ አላቸው። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ የጦር መሪ በፈረስ ስሙ ተከትሎ እንዲሄድ ያደርጋሉ። አንዱ አባ ዳኘውን ይይዛል፤ ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። ሌላው አባ ነጋን፤ ራስ አሉላ። አባ ነፍሶ ደጃዝማች ባልቻ፣ አባ መቻል ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ አባ ቃኘው ራስ መኮንን፣ አባ ጎራው ፊታውራሪ ገበየሁ። ተማሪው የያዘው ሰው ከየት ተነሳ? ማንን አስከትሎ መጣ? በውጊያው የት ቆመ? ከዓድዋ ተመለሰ ወይስ እዚያው ቀረ? አባ ጎራውን የያዘው ልጅ ፊታውራሪ ገበየሁ በጦርነቱ መውደቃቸውን ሲደርስበት ድሉ ለእሱ ሌላ ክብደት ይኖረዋል።

ከጀግኖቹ ጎን አንድ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ከተማሪዎች ይልቅ እናቶቻቸው ቶሎ የሚረዱት ጥያቄ። ይህን ሁሉ ሰው ማን አበላው? ምኒልክ ጦራቸውን ይዘው ከአዲስ አበባ የተነሱት በጥቅምት 1888 ዓ.ም. ነው። ወረኢሉ ላይ ጦሩ ተሰበሰበ፣ አምባላጌ ላይ በኅዳር ተዋጋ፣ መቀሌ ላይ ምሽግ ከበበ፣ የካቲት 23 ዓድዋ ላይ ለወሳኙ ጦርነት ደረሰ። ከአራት ወር በላይ የፈጀ ጉዞ ነው፤ የተሰለፈውም ሕዝብ ወደ 100,000 ይገመታል። መንግሥት የሚያድለው ራሽን አልነበረም። ዘማቹ ከቤቱ ይዞት የወጣው በሶ፣ ጭኮና ድርቆሽ ነበር፤ በየመንገዱም ገበሬው ስንቅ አቀረበ።

አንድ መምህር ይህንን ወደ ሒሳብ ሊለውጠው ይችላል። አንድ ሰው በቀን ምን ያህል በሶ ይበቃዋል? ለአራት ወርስ? ያንን ለመሸከም ስንት አጋሰስ ያስፈልጋል? ያን በሶ ማን ቆላው፣ ማን ፈጨው? መልሱ ተማሪውን ወደ ሴቶቹ ይወስደዋል። እቴጌ ጣይቱ መቀሌ ላይ ምሽጉ የሚጠቀምበት ውኃ እንዲያዝ ያመጡት ሐሳብ በየመጽሐፉ ይገኛል። ስማቸው ያልተጻፈው በሺህ የሚቆጠሩት ሴቶች፣ በእግራቸው ተከትለው እንጀራ የጋገሩትና ቁስለኛ ያነሱት፣ የሚታዩት ግን እንዲህ ባለው ሒሳብ ነው። ከማጀት ያለውን ሥራ ያላሳየ ሙዚየም የዓድዋን ግማሽ ሸፍኖ ይቀራል።

የተወሰደው ዕቃ

ወራሪው ራሱ የመታሰቢያን ኃይል አሳምሮ ያውቅ ነበር። አዲስ አበባን እንደያዘ ብዙም ሳይቆይ የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት ከአደባባዩ አነሳ። ከነፃነት በኋላ ነው ሐውልቱ ወደ ቦታው የተመለሰው። የአክሱም ሐውልትም በ1929 ዓ.ም. ተወስዶ ወደ ሮም ተጓዘና የቅኝ ግዛት ሚኒስቴሩ ፊት ለፊት ቆመ። ጣሊያን የተዘረፉ ቅርሶችን በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ እ.ኤ.አ. በ1947 በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል በአንቀጽ 37 አስገድዷት ነበር። ሐውልቱ አገሩ የገባው ግን በ1997 ዓ.ም. ነው፤ በቦታው የተተከለው ደግሞ በ2000 ዓ.ም.።

“ፀሐይ” የምትባለው አውሮፕላን ታሪክም ከዚህ ጋር ይያያዛል። በጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር መሪነት ኢትዮጵያውያን ተሳትፈውበት ከተማዋ በጣሊያን ከመያዟ በፊት አዲስ አበባ ላይ ተሠርታ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም ተሰየመች። ጣሊያኖች ወሰዷት። በቪኛ ዲ ቫሌ በሚገኘው የአየር ኃይላቸው ሙዚየምም ለረጅም ዓመታት ለጎብኚ ቆመች። ጣሊያን ለኢትዮጵያ ያስረከበቻት በጥር 2016 ዓ.ም. ነው።

ለተማሪ እነዚህ ሁለት ዕቃዎች የነፃነትን ትርጉም ያሰፉለታል። ነፃነት ወራሪው ከወጣ በኋላም ያላለቀ ሥራ መሆኑን ያያል። ውል በወረቀት መፈረምና ውል መፈጸም የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ፣ ከ1947 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. 58 ዓመት መጠየቅ እንዳስፈለገ ራሱ ቀንሶ ያገኘዋል። አንዲት አውሮፕላን ሮም አካባቢ ሙዚየም ውስጥ ስትቆም የምትናገረው ታሪክና አዲስ አበባ ስትቆም የምትናገረው አንድ እንዳልሆነ ሲገባው፣ በማንኛውም ሙዚየም የተለጠፈን መግለጫ “ይህን የጻፈው ማን ነው?” ብሎ ማንበብ ይጀምራል።

የሚያስጨንቀውም ይነገር

የነፃነት ተጋድሎን በጀግና ብቻ ማስተማር ልጆችን ማሳነስ ነው። ተማሪዎቻችን ከምናስበው በላይ ከባድ ጥያቄ ይሸከማሉ። በወረራው ዘመን ባንዳ የነበረ አልነበረም ወይ? ነበረ። ሰው ለምን ባንዳ ሆነ? በፍርሃት፣ በጥቅም፣ በቂም፣ አንዳንዴም ሌላ መንገድ በማጣት። ዓድዋ ላይ የተማረኩ አስካሪዎች፣ ማለትም ለጣሊያን የተሰለፉ የአገሬው ተወላጅ ወታደሮች፣ ቀኝ እጅና ግራ እግራቸው መቆረጡም የድሉ ታሪክ አካል ነው። ኤርትራ ከድሉ በኋላም በጣሊያን እጅ መቅረቷ እንዲሁ። እነዚህን የሚደብቅ ሙዚየም ተማሪው ከሌላ ቦታ ሲሰማቸው የነገረውን ሁሉ አብሮ እንዲጠራጠር ያደርገዋል።

እውነቱ በሙሉ ሲነገር ደግሞ ጀግንነቱ ይበልጥ ይጎላል። ሸዋረገድ ገድሌ በአዚናራ ደሴት ታስረው ተመልሰው እንደገና ወደ ትግሉ ገቡ፤ የአዲስ ዓለምን ምሽግ ያጠቃውን ኃይል መሩ። የራስ ሥዩም መንገሻ ልጅ ከበደች ሥዩም ባለቤታቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ፍቼ ላይ ከተገደሉ በኋላ አርበኞችን አሰልፈው ተዋጉ። ጃገማ ኬሎ በጅባትና ሜጫ ጫካ የገቡት በ15 ዓመታቸው ገደማ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ይህንን ሲሰማ ዕድሜውን ከዕድሜያቸው ጋር ሳያስተያይ አያልፍም።

የተማሩትም ዋጋ ከፍለዋል። ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች የሚገኙበት የጥቁር አንበሳ ማኅበር አባላት ብዙዎቹ ተገድለዋል። የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ቢንያምና ዮሴፍ፣ በውጭ አገር ተምረው የተመለሱ መሐንዲሶች፣ ከየካቲት 12 በኋላ ተረሽነዋል። ፋሺስቱ የትምህርት ቤት ልጅ መሆን ራሱን እንደ ወንጀል አየው። ለተማሪ ታሪክ ስናስተምር ይህን ልንዘለው አይገባም፤ የሚያነጣጥረው በቀጥታ እሱ ላይ ነበርና።

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ?

ጆሃንስበርግ የሚገኘው የአፓርታይድ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2001 ተከፈተ። ጎብኚው ቲኬቱ ላይ “ነጭ” ወይም “ነጭ ያልሆነ” የሚል መደብ በዘፈቀደ ይደርሰዋል፤ በዚያው መሠረት የተለያየ በር ይገባል። ጓደኛሞች በአንድ ቅጽበት ይለያያሉ። የሕጉን ጽሑፍ ሺህ ጊዜ ከማንበብ በላይ ያቺ ቅጽበት ታስተምራለች። ኔልሰን ማንዴላ ለረጅም ዓመታት በታሰሩበት በሮበን ደሴት ደግሞ ጎብኚን እስር ቤቱን እየዞሩ ያስጎበኙ የነበሩት ራሳቸው የቀድሞ የፖለቲካ እስረኞች ነበሩ።

ለኛ ግን ከሁሉ የሚጠቅመን ምሳሌ ከባንግላዴሽ ነው። ዳካ ያለው የነፃነት ጦርነት ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1996 ሲከፈት አገሪቱ በ1971 ነፃ ከወጣች 25 ዓመት አልፎ ነበር። ሙዚየሙ በአውቶቡስ ላይ ተንቀሳቃሽ ኤግዚቢሽን አደራጅቶ ወደ ገጠር ትምህርት ቤቶች መዞር ጀመረ። ከኤግዚቢሽኑ በኋላ ተማሪዎች አንድ የቤት ሥራ ተሰጣቸው፦ ከአያት፣ ከአባት፣ ከጎረቤት፣ ጦርነቱን ካየ ሰው ታሪኩን ጠይቁና ጽፋችሁ ላኩልን። በዚህ መንገድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የተማሪ ጽሑፎች ተሰበሰቡ። ተማሪው ሙዚየሙን ከመጎብኘት አልፎ ለሙዚየሙ ማስረጃ አቅራቢ ሆነ።

እኛ ለዚህ ብዙ ጊዜ የለንም። በ1929 ዓ.ም. የ10 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ወደ 100 ዓመት ተጠግቷል። በየካቲት 12 እና በሚያዝያ 27 የድል በዓል በየሐውልቱ ሥር የአንበሳ ጎፈር ደፍተው፣ ሜዳሊያ ደርድረው የምናያቸው አብዛኞቹ የአርበኛ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። እነሱ የሰሙትን ልጆቻችን ካልጠየቁ፣ ካልጻፉ፣ ካልቀረጹ፣ የአምስቱ ዓመት ተጋድሎ በብዙ ቤት ውስጥ አልበም ላይ ስሙ የማይታወቅ ሰው ፎቶ ሆኖ ይቀራል።

ከጉብኝት በፊትና በኋላ

ብዙ የትምህርት ቤት ጉብኝት የሚበላሸው በሙዚየሙ ጥፋት አይደለም። አውቶቡሱ ይመጣል፣ ልጆቹ ይጫናሉ፣ አስጎብኚው በፍጥነት ይናገራል፣ ከኋላ ያለው አይሰማም፣ ፎቶ ይነሳል፣ ወደ ትምህርት ቤት ይመለሳሉ። ሁለት ቀን ቆይቶ “ምን አያችሁ?” ሲባሉ “ጎራዴ” ይላሉ።

ነገሩን የሚለውጡት ትንንሽ ጥንቃቄዎች ናቸው። መምህሩ ቀድሞ ብቻውን ሄዶ ሦስት ወይም አራት ዕቃ ይምረጥ፤ ሁሉንም ማሳየት አያስፈልግም። ተማሪዎቹ ጥያቄ ይዘው ይግቡ፤ ጥያቄውን ራሳቸው ቢያወጡት ደግሞ ይሻላል። አንድ ዕቃ ፊት ቢያንስ ለጥቂት ደቂቃ ዝም ብለው ይቁሙ፤ ያዩትን በቃል ሳይሆን በወረቀት፣ በንድፍ ጭምር ያስቀምጡ። ሲመለሱ አንድ ነገር ይሥሩ፦ የቤተሰብ ቃለ መጠይቅ፣ የክፍል ኤግዚቢሽን፣ በአካባቢያቸው ስላለ ሐውልት አጭር ጽሑፍ። እነዚህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም።

ከሙዚየሞቹ ደግሞ የሚጠበቅ አለ። ለአዋቂ ምሁር የተጻፈ መግለጫ አጠገብ ለልጅ የሚሆን አጭርና ግልጽ መግለጫ ይለጠፍ፤ ልጁ አፉን በፈታበት ቋንቋም ይሁን። ቅጂ ዕቃዎች ይዘጋጁ፤ ልጆች ጋሻውን ይያዙት፣ ክብደቱን ይሞክሩት። የሰነድ ፎቶ ኮፒዎች ለመምህራን ይታደሉ።

ከሁሉ በላይ ግን ታሪኩ ከዋና ከተማው ይውጣ። የአዲስ አበባ ተማሪ ስድስት ኪሎና ፒያሳ ታክሲ ይዞ ይደርሳል። የመንዝ ልጅስ? በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በዚያው በሰሜን ሸዋ ዘረት በተባለው ቦታ በዋሻ ውስጥ የተጠለሉ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው በመርዝ ጋዝና በጥይት አልቀዋል። የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት የተረሸኑበት መሬት ከአዲስ አበባ የአንድ ቀን ደርሶ መልስ ነው። በየወረዳው አርበኛ የሸመቀበት ጫካ፣ ምሽግ የነበረ ኮረብታ፣ ሰው የተሰቀለበት ገበያ አለ። ለእያንዳንዱ ሕንፃ መገንባት አይቻል ይሆናል። የታሪክ መምህርና ክፍሉ ግን ቦታውን ለይተው፣ ምስክር ጠይቀው፣ ሰነድ አስተያይተው፣ የሚታመን ጽሑፍ ማቆም ይችላሉ። ትምህርት ቢሮዎችና ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ሥራ ቢያግዙ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አገሪቱ በተማሪዎቿ እጅ የተሠራ የነፃነት ካርታ ይኖራታል።

ነፃነትን ያቆዩልን ሰዎች ከእኛ የጠበቁት ምስጋና ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ያን ሁሉ መከራ የተቀበሉት ልጆቻቸው በራሳቸው አእምሮ የሚያስቡ፣ ማንም መጥቶ የነገራቸውን የማይቀበሉ ነፃ ሰዎች እንዲሆኑ ነው። ማስረጃ የሚመረምር፣ መግለጫ የሚጠይቅ፣ ከጓደኛው ጋር በአክብሮት የሚከራከር ተማሪ ያን ነፃነት በተግባር እየኖረው ነው። ስለዚህ የሙዚየም ጉብኝት የዓመቱ መጨረሻ መዝናኛ መሆኑ ይብቃ፤ የታሪክ ትምህርት ዋና ክፍል ሆኖ በዕቅድ፣ በበጀትና በሰዓት ይያዝ። መምህራን፣ ርዕሳነ መምህራንና ወላጆች ይህን ከዚህ ዓመት ጀምረው ሊጠይቁት ይገባል።